እናታችንን በየት አገር እናግኛት? ደኅንነትና ወጪ አላስማማ ያለን የቤተሰብ ጉዞ

ሰብለ፣ አዲስ አበባ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ምክር የምጠይቅበት ጉዳይ የቤተሰብ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ያለፋችሁበት ስለሚመስለኝ ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው።

አራት እኅትና ወንድም ነን። ታላቅ ወንድማችን ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ሜሪላንድ ይኖራል፤ እኅታችን ጀርመናዊ አግብታ ፍራንክፈርት ናት፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነን። እናታችን 67 ዓመት ሆኗታል፣ የምትኖረውም ጎንደር ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፣ ጉልበቷም ደረጃ አያስወጣትም። መጀመሪያ ያሰብነው ልጆቹ ለፈረንጆቹ ገና ትምህርት ሲዘጉ ሁላችንም ጎንደር ገብተን ጥቂት ቀን አብረን ለመሰንበት ነበር። ወንድሜ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ ክልሉ መሄድን አልደፈረም። በ2014 ዓ.ም. ኤምባሲዎች ዜጎቻቸው ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ሲያሳስቡ የቆረጠውን ትኬት ጥሎ ስለቀረና ገንዘቡም ስላልተመለሰለት፣ ያ ነገር እስካሁን ከልቡ አልወጣም። የእኅቴ ባለቤትም የጀርመን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስለ አካባቢው የጻፈውን ካነበበ በኋላ ስለ ጎንደር ማንሣቱን ተወ። በዚህ ምክንያት እናታችንን ከጎንደር በአውሮፕላን አውጥተን በሌላ አገር ለአሥር ቀን ያህል አብረን እንሁን ወደሚለው ሐሳብ ዞርን።

የት የሚለው ግን አላስማማንም። ወንድሜ ዱባይ ይላል፤ ሌሊት እንኳ ልጆች ይዞ መውጣት ይቻላል ብሎ ነው። እኅቴ ኢስታንቡልን ትመርጣለች፤ ለሁሉም መሐል ቦታ ነው ባይ ናት። ታናሽ ወንድሜ ኬንያ ቪዛ ስለማትጠይቀን ሞምባሳ እንሂድ ሲል፣ ታላቁ «ከአንዱ ስጋት ወደ ሌላው ነው እንዴ?» ብሎ የናይሮቢን ሰልፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከልን። እናታችን ደግሞ «ከአገር ካወጣችሁኝማ ኢየሩሳሌምን አሳልሙኝ» አለችና ሁላችንንም ዝም አሰኘችን።

ወጪውን በተመለከተ፣ ውጭ ያሉት «እኛ እንችለዋለን» ይላሉ፤ እኔና ታናሼ ግን የራሳችንን ድርሻ መክፈል እንፈልጋለን፤ የእናታችንንም ትኬት የምንቆርጠው እኛ ነን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ ከዚያ ወዲህም ወደ ላይ መውጣቱን ቀጥሏል። ያን ጊዜ 1,000 ዶላር ይገዛ የነበረው 57,000 ብር ዛሬ የዚያን ግማሽ እንኳ አይገዛም። ስለዚህ «ሃምሳ ዶላር ነው፣ ምን አላት» የምትባለው ነገር ሁሉ ለእኛ ቀላል አይደለችም።

ለመጠየቅ የፈለግሁት፣ ስጋቱን በምን እንመዝነው? ወንድሜ ቪዲዮ ይልካል፣ አማቻችን ማሳሰቢያ ያነባል፣ ታናሼ «የሄደ ሰው ምንም አልሆነም» ይላል፤ ሦስቱም ልክ አይመስሉኝም። በሆቴልና በትኬት ዋጋ ላይ የማይታየውን ወጪም ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

ዮናስ፣ አዲስ አበባ

ትኬት ቢሮ ውስጥ መሥራት ከጀመርሁ ቆይቻለሁ፤ እንደ እናንተ ያለ ቤተሰብ አሁን አሁን በብዛት ይመጣል። ቀድሞ የሚበዙት «ልጆቼን ልጠይቅ» ብለው አሜሪካ የሚሄዱ እናቶች ነበሩ፤ ዛሬ ልጆቹ ከዚያ፣ እናትየዋ ከዚህ ተነሥተው ናይሮቢ ወይም ዱባይ ላይ የሚገናኙት በርክተዋል።

አገር ስትመርጡ ከአሥራችሁ መካከል ብዙ በር ከሚዘጋበት ፓስፖርት ጀምሩ። ከሜሪላንድና ከፍራንክፈርት የሚመጡት የአሜሪካና የጀርመን ፓስፖርት ከያዙ ጉዳያቸው ቀላል ነው፤ ምርጫውን የሚወስነው የእናንተ የሦስታችሁ ነው። ኢስታንቡልና ኢየሩሳሌም አስቀድሞ በማመልከቻ ቪዛ የሚጠየቅባቸው ናቸው፤ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን የተከፈለው አይመለስም። እኅታችሁ «ታዲያ እኔ ጋ ይምጡ» ብትል ደግሞ የሼንገን ቪዛ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድንም ግድ ነው። የአሜሪካው የጎብኚ ቪዛ 185 ዶላር ተከፍሎበት፣ ከሐምሌ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን በአብዛኛው የሚሰጠው በሦስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው። በአንጻሩ ኬንያ ለኢትዮጵያውያን ቪዛ አትጠይቅም፤ ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ለአፍሪካውያን ሁሉ በሯን እንደከፈተች አስታውቃለች። ከአዲስ አበባ ወደ ሁለቱም በረራው ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ይህም ራሱን የቻለ ቁም ነገር ነው።

ስለ ዱባይ ወንድማችሁ የተናገረው በከተማው መንገድ ላይ ላለው ሰላም እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2025 ኢራን ኳታር በሚገኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ላይ ሚሳኤል በተኮሰች ማታ ኳታር፣ ኤምሬትስ፣ ባሕሬንና ኩዌት የአየር ክልላቸውን ለሰዓታት ዘግተው እንደነበር አስታውሱ። በሩ የተዘጋው ለሰዓታት ቢሆንም የበረራው መዛባት ለቀናት ዘልቋል፤ መንገደኛው ምንም ሳይነካው ለተጨማሪ ሌሊት ሆቴል ይከፍላል፣ ተያያዥ በረራው ያመልጠዋል፣ የሥራ ፈቃዱም ያልቅበታል። ዋጋውንም ካነሣን፣ ዱባይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሆቴል የሚረክሰው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ነው። እናንተ የመረጣችሁት የታኅሣሥ መጨረሻ ግን አየሩም የሚመችበት፣ ዋጋውም የሚሰቀልበት ሰሞን ነው።

ለማይታየው ወጪ የምመክረው፣ ሂሳቡን ስትጽፉ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጎን የሚመለስና የማይመለስ የሚል ዓምድ እንድትጨምሩ ነው። የቪዛ ክፍያ አይመለስም። ርካሹ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። በቅናሽ የተያዘ ሆቴልም እንደዚያው ነው። ስጋት ያለበትን አገር ስትመርጡ ውድ ሆኖም የሚመለሰውን ትኬት መግዛት ብልህነት ነው፤ ስጋት በሌለበት ደግሞ ልዩነቱን ለራሳችሁ አስቀሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዋሽንግተንም ከፍራንክፈርትም ቀጥታ በረራ አዲስ አበባ ስለሚገባ፣ ከውጭ የሚመጡት ዞሮ ዞሮ በእናንተ ከተማ ማለፋቸው አይቀርም። ቀጣዩን በረራ በአንድ ትኬት ያስቆርጡ። ለየብቻ ከተቆረጠ የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣቸው ኃላፊነት የሚወስድላቸው የለም።

ታደሰ፣ ለንደን

ዮናስ የወጪውን ነገር በደንብ አብራርቶታል፤ እኔ ወንድማችሁና አማቻችሁ ስለሚያነቡት ማሳሰቢያ ጥቂት ልበል።

ማሳሰቢያ የሚጻፈው መንግሥት ለራሱ ዜጋ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ አገሮችን በአራት ደረጃ ያስቀምጣል፤ አንደኛው የተለመደው ጥንቃቄ ይበቃል፣ ሁለተኛው ጥንቃቄ ይጨመር፣ ሦስተኛው ጉዞው እንደገና ይታሰብበት፣ አራተኛው አትሂዱ የሚል ነው። ኢትዮጵያ በሦስተኛው፣ ኬንያ በሁለተኛው ተቀምጠው ቆይተዋል። ሆኖም ኬንያ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ሳለች ከሶማሊያ ጋር የሚያዋስናት ድንበር «አትሂዱ» የተባለበት ነው፤ አንድ ቁጥር አይቶ ስለ አገሩ ሁሉ መፍረድ የማይቻለውም ለዚህ ነው። ወንድማችሁ ከቁጥሩ በታች ያለውን ጽሑፍ ወርዶ፣ የምትሄዱበት ከተማ በስም ተጠርቶ እንደሆነ ይመልከት።

ማሳሰቢያው ኪስ የሚነካው በመድን በኩል ነው። እዚህ ብሪታንያ ውስጥ መንግሥት «አትሂዱ» ወዳለው ቦታ የሄደ ሰው የጉዞ መድኑ ሊፈርስበት ይችላል፤ እግሩን ቢሰበር እንኳ፣ ስብራቱ ከጸጥታው ጋር ምንም ግንኙነት ባይኖረውም፣ ሂሳቡን ራሱ ሊከፍል ነው። ፈረንጁ ማሳሰቢያ ሲወጣ ወዲያው የሚሰርዘው ፈሪ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አማቻችሁን በዚህ ዐይን ብታዩት ሳይቀልላችሁ አይቀርም።

ስጋትና ዋጋ እንዴት እንደሚገፋፉ ለማየት ደግሞ ግብፅን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከ14 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ትቀበል ነበር። ከ2011ዱ አብዮት በኋላ ቀነሰ፤ ጥቅምት 31 ቀን 2015 ከሻርም ኤል ሼክ የተነሣው የሩሲያ አውሮፕላን ሲና ላይ ወድቆ 224 ሰዎች ሲያልቁ ብሪታንያ ወደዚያ የሚደረገውን በረራ አቋረጠች፤ ሩሲያ ደግሞ ወደ ግብፅ የሚደረገውን በረራ ሁሉ አገደች። በ2016 የጎብኚው ቁጥር ወደ 5.4 ሚሊዮን ወረደ። በዚያው ዓመት ኅዳር ግብፅ ፓውንዷን በገበያ እንዲዋዥቅ ለቀቀች፤ አንድ ዶላር ከ9 ፓውንድ በታች የነበረው ወዲያው እጥፍ ሆነ። የብሪታንያ በረራ ወደ ሻርም እስከ 2019 መጸው ድረስ እንደተከለከለ ነበር፤ ግን ሌሎች የአውሮፓ ጎብኚዎች ርካሹን ሆቴል ተከትለው ተመለሱ፣ 2019 ሲያልቅም ቁጥሩ 13 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። ጎብኚው የተመለሰው ስጋቱ ሙሉ በሙሉ ስለጠፋ ነው ብዬ አላምንም፤ ፍርሃቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ከሆቴሉ ቅናሽ በታች ስለወረደ ነው። ግብፅ ባዶ በነበረችበት ሰሞን ስፔን በ2016 75 ሚሊዮን፣ በ2017 ወደ 82 ሚሊዮን እንግዳ አስተናግዳለች፤ የባሕር ዳርቻ ፈላጊው ፈርቶ ቤቱ አልቀረም፣ አቅጣጫ ለወጠ እንጂ።

ስለዚህ ርካሽ ነገር ስታገኙ ለምን እንደረከሰ ጠይቁ። ወቅቱ ስላልሆነ ከሆነ ሙቀቱን ወይም ዝናቡን ትችሉ እንደሆነ ማየት ነው። የአገሩ ገንዘብ ወድቆ ከሆነ፣ ለሜሪላንዶቹ ማትረፊያ ነው፤ በብር ለምትከፍሉት ለእናንተ ግን ብሩም አብሮ ስለወደቀ ጥቅሙ ብዙ አይታያችሁም። ሰው ፈርቶ ስለሸሸ ከረከሰ ግን ያኔ ቆም ብሎ ማሰብ ነው።

እማዋይሽ፣ ናይሮቢ

እኔ የምኖረው ናይሮቢ ነው፤ ከተማዋን አላሳምርም፣ አላስፈራራም።

ወንድማችሁ የላከላችሁ ቪዲዮ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 2024 ሰልፈኞች በግብር ሕጉ ምክንያት ምክር ቤቱ ድረስ ዘልቀው ሰው ሞቷል፤ በዓመቱ በዚያው ቀንና ሐምሌ 7 ቀን 2025 እንደገና ብዙ ሰው ሞቷል። ይህ ሁሉ ግን ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ በአብዛኛውም መሐል ከተማውን መነሻ ያደረገ ነበር። በሰኔ መጨረሻ ብትመጡ ኖሮ ሌላ ጊዜ ምረጡ እላችሁ ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ ግን ከተሜው ሁሉ ወደየአገሩ ስለሚሄድ ናይሮቢ ጭር ትላለች። እንግዳን በየዕለቱ የሚያጋጥመው የስልክ ነጠቃ ነው፤ መኪና ውስጥ መስኮት ከፍቶ ስልክ የያዘ ሰው ሞተረኛ እጁ ላይ ላፍ አድርጎበት ይሄዳል። መንገድ ዳር ቆሞ ካርታ ማየትም እንደዚያው ነው። ለልጆቹ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ከሰልፉ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የመኪና መንገዱ ነው። ኬንያ ውስጥ በየዓመቱ ከ4,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል፤ የበዓል ሰሞን ደግሞ የናይሮቢ ሞምባሳ መንገድ በጭነት መኪናና በሚጣደፍ አውቶቡስ ይጨናነቃል። ስለዚህ ሞምባሳ ከሄዳችሁ ወይ በአውሮፕላን ወይ በባቡር ሂዱ። ማዳራካ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ2017 ሥራ የጀመረ ሲሆን መንገዱን በአምስት ስድስት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ዋጋው እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በተራው ማዕረግ 1,500፣ በአንደኛው 4,500 የኬንያ ሽልንግ ነው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ትኬቱ ለበዓል ቶሎ ያልቃል። ጣቢያዎቹም ከሁለቱም ከተሞች መሐል ራቅ ያሉ ናቸው፤ ወደ ጣቢያው የሚወስድ መኪናና ሻንጣ የሚያወርድ ሰው ለእናታችሁ አስቡላቸው።

ከሞምባሳ ደግሞ ብዙ ሰው ዲያኒን ይመርጣል፤ ባሕሩም በእውነት ያምራል። ከከተማው ወደዚያ የተለመደው መሻገሪያ ግን የሊኮኒ ጀልባ ነው፤ በሰውና በመኪና ታጭቆ፣ በፀሐይ ወረፋ ተጠብቆ የሚታለፍ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ኒያሊ ይሻላል፤ በድልድይ ይገባል፣ ሆስፒታልም ገበያም ቅርብ ነው።

ሌላው ማንም ያላነሣው የጾሙ ነገር ነው። ለፈረንጆቹ ገና የምትመጡ ከሆነ የነቢያት ጾም ላይ ናችሁ። ሆቴሉ ምግብን ጨምሮ የሚያስከፍላችሁ ከሆነ እናታችሁ ጠዋት ጠዋት ያን ሁሉ እንቁላልና ሥጋ እያዩ ሻይና ዳቦ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ከፍለው ማለት ነው። ማድ ቤት ያለው አፓርታማ ተከራዩ። ናይሮቢ ሀርሊንግሃምና ኪሊማኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፣ እንጀራም ይገኛል፤ ሞምባሳ ስትወርዱ ከናይሮቢ እንጀራ ይዛችሁ ውረዱ። ለአሥር ሰው በሆቴል አምስት ክፍል ከመያዝ ሁለት አፓርታማ ጎን ለጎን መከራየት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ እናታችሁም ልጆቿን በየክፍሉ በር እያንኳኳች አትፈልግም። ይቅርታ፣ እያንኳኩ አይፈልጉም።

አያሌው፣ ሐዋሳ

ሁላችሁም ያላችሁት ጥሩ ነው፤ እኔ ግን የጥያቄውን መነሻ ልነካ ነው፣ ቅር እንዳይላችሁ።

ዮናስ እንዳለው ሁሉም አዲስ አበባ ይገባል። እናታችሁም ከጎንደር አዲስ አበባ ይመጣሉ። እንግዲህ አሥሩም ሰው አዲስ አበባ ከተሰበሰበ በኋላ ሌላ አገር የሚሄደው ምን ለማምለጥ ነው? የተፈራው ጎንደር ከሆነ ጎንደር ቀርቷል። ከዚያ በላይ የሚወጣው የአሥር ሰው የደርሶ መልስ ትኬት፣ ለሦስታችሁ በብር ተገዝቶ የሚወጣ ዶላር፣ መድን፣ ክትባት፣ ይህ ሁሉ ለደኅንነት የተከፈለ ነው ብላችሁ ከጻፋችሁት፣ ምን ያህል ደኅንነት እንደገዛላችሁ ልትጠይቁ ይገባል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በፍጥነት መንገዱ ተኪዶ ሐይቅ ዳር ቤት ይከራያል፣ የጾም ምግቡ በየቤቱ ነው፣ ሐኪማቸውም በስልክ ይገኛል። ሐዋሳም ብትመጡ አውሮፕላን አለ፤ ዓሣውን ለጾም እንበላለን አንበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ እተዋለሁ።

እኔ የሚታየኝ፣ ሰው የማያውቀውን አገር ማሳሰቢያ አንብቦ ይለካል፣ የራሱን አገር ግን በዜና ይለካል። ወንድማችሁ ናይሮቢን በቪዲዮ ፈርቷል፤ አዲስ አበባንስ ፈርቶ ነው ወይስ ኢትዮጵያ የሚለው ስም ብቻ ነው ያስፈራው?

ሰብለ፣ አዲስ አበባ

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ጋሽ አያሌው፣ ቅር አላለኝም፤ ይህን ጥያቄ እኔም ለወንድሜ አንሥቼለት ነበር። መልሱ ያንኑ መድን የሚመለከት ሆነ። ሦስተኛው ደረጃ የተሰጠው ለአገሩ በጠቅላላ ስለሆነ፣ የባለቤቱ መሥሪያ ቤት የሚገባላቸው መድን አዲስ አበባንም ከጎንደር ለይቶ አያይም፤ በአየር ማረፊያ ማለፍ ግን ሌላ ነው ተብሏል። ታደሰ የጻፈውን ሳነብ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። ሁለተኛው ምክንያት የእኔ ነው። እናታችን እኔ ቤት ከመጣች ዕረፍት የላትም፤ ጠዋት ተነሥታ ሽሮውን ስትነፋ፣ በርበሬውን ስታሰጣ ነው የምትውለው፤ ቢሾፍቱ ብንከራይም ማድ ቤቱን መያዟ አይቀርም። አንድ ጊዜ እንኳ ከቤት ሥራ ርቃ ከልጅ ልጆቿ ጋር ብትቀመጥ ብዬ ነው። እማዋይሽ አፓርታማ ስትይኝ የሳቅሁትም ለዚሁ ነው፤ ተራ ገብተን ማብሰላችንን አስቀድመን እንፈርማለን።

ኢየሩሳሌምን ለጊዜው ትተነዋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ያለው ሁኔታ ለእርሷ አይሆንም፤ ነገሩ ሲረጋ ለትንሣኤ ከሚሄዱ ምእመናን ጋር እኔ ራሴ ይዣት ልሄድ ቃል ገብቼላታለሁ። እኅቴም ኢስታንቡልን ተወችው። ሩዋንዳን ልጆቹ ጎሪላ ለማየት ጓጉተው አንሥተውት ነበር፤ ለአንድ የውጭ ጎብኚ ፈቃዱ 1,500 ዶላር መሆኑን ወንድሜ ሲሰማ ወሬው በአንድ ማታ አለቀ። በጠቅላላው ናይሮቢ ሁለት ቀን፣ ቀሪውን ኒያሊ ወደሚለው አዘንብለናል፤ የናይሮቢ ሞምባሳውንም በአውሮፕላን እናደርገዋለን።

የቀረኝ የጤናዋ ነገር ነው። ቢጫ ወባ ክትባት የግድ ነው ብለውኛል፤ ወባስ? መድንስ እዚህ ገዝቼላት ስኳሩንና ግፊቱን ይሸፍናል?

ሲስተር ራሔል፣ አዲስ አበባ

እኅቴ ሰብለ፣ ክትባቱን ከመክፈልሽ በፊት ሐኪማቸውን አማክሪ። ቢጫ ወባ አለባቸው ተብለው ከተመዘገቡት አገሮች መካከል ኢትዮጵያም ኬንያም ስላሉበት ካርዱ በጉዞው ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ክትባቱ ሕያው ተሕዋሲ ያለበት ስለሆነ፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስደው ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የማምጣት ዕድሉ ከወጣቱ ይልቅ ከፍ ይላል። አይከተቡ ማለቴ አይደለም፤ ሐኪሙ ጥቅሙንና ጉዳቱን አይቶ ይወስናል፣ ባይመቻቸው ደግሞ በሕክምና ምክንያት እንዳልተከተቡ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል። ያን ደብዳቤ ይዘው ቢሄዱ ይቀበሏቸው እንደሆነ ግን ትኬት ሳትቆርጪ አየር መንገዱንና የኬንያን ኤምባሲ ጠይቂ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተወሰደ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሳይከተቡ ካርድ የሚገዙ አሉ፤ አንቺ እንደማታደርጊው አምናለሁ።

ወባን በሚመለከት ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አያሰጋም፤ የባሕሩ ዳርቻ ግን የወባ አካባቢ ነው። የጎንደር ደጋ ላይ የኖረ ሰው የተለማመደው መከላከያ የለውም፣ ከሜሪላንድ የሚመጡት ልጆችም እንዲሁ። የመከላከያ ክኒኑ ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር እንዳይጋጭ አሁንም ሐኪም ነው የሚጠየቀው፤ አጎበር ያለው ክፍል መያዝ ግን ለማንም ይሆናል።

መድኑ ላይ ዋጋውን ሳይሆን የማይሸፍነውን ዝርዝር አንብቢ። ዕድሜ ሲጨምር ክፍያው ይጨምራል፤ ቀድሞ የነበረ በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ነው። ስኳርና ግፊቱን ስትሞሉ ደብቃችሁ ርካሹን ብትገዙ፣ አንድ ነገር ሲደርስ መድን ሰጪው የሚያየው የሕክምና ታሪካቸውን ነው። ሽፋኑን ካላገኛችሁ እናንተ አራታችሁ ለድንገተኛ ሕክምና የሚሆን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡ፤ የግል ሆስፒታል አስቀድሞ ማስያዣ ሊጠይቅ ይችላል፣ ሌሊት ላይ ገንዘብ ከአሜሪካ እስኪላክ መጠበቅ ደግሞ ከባድ ነው። መድኃኒታቸውን ከጉዞው ቀን አስበልጣችሁ ያዙ፤ ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ከእጅ ሻንጣ አይለይ፣ የጭነቱ ክፍል ሊያቀዘቅዘው ይችላል።

እማዋይሽ፣ ናይሮቢ

ሁለት ነገር ረስቼ ነበር። ሰብለ፣ እናንተ ሦስታችሁ ኬንያ ለመግባት የምትከፍሉት ባይኖርም፣ ከሜሪላንድና ከፍራንክፈርት የሚመጡት ሰባቱ ከመነሣታቸው በፊት የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው። ፈቃዱ ለየሰዉ ነው፣ ለሕፃናቱም ጭምር፤ መሠረታዊ ክፍያው 30 ዶላር ነው። ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ውጭ «እናፋጥንላችኋለን» የሚሉ ገጾች እጥፍ ያስከፍላሉና ወንድማችሁ አድራሻውን አጣርቶ ይግባ።

ሁለተኛው የእናታችሁ ጓዝ ነው። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። በሶውን፣ ቆሎውን፣ በርበሬውን እንደ ልማዳቸው በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልለው ቢመጡ ኤርፖርት ላይ ሊያስጥሏቸው ይችላሉ። በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ አድርጊላቸው፤ አሁን ብትነግሪያቸው ከረጢቱን ራሳቸው ሰፍተው ይጠብቁሻል።